ዓይናቸው ያየውን ሁሉ

ተወኝ እባክህ፣ «ፈረንጆቹ ውል ነበራቸው» አትበለኝ። ነበራቸው፣ እሺ! ግን ምን ዓይነት ውል እንደሆነ ስማ። ከባሕር ማዶ የመጣው ኮሎኔል ጨው ቆፋሪዎቹን ሜዳው ላይ ሰብስቦ ወረቀቱን አስነበበ። «ሽማግሌያችሁ ሁመድ ዓይናቸው እስካየው ድረስ ያለውን መሬት ለንጉሣችን ሰጥተዋል። ዛሬውኑ ልቀቁ» ይላል።

ሁሉም አቀረቀረ። ከዚያ ሜዳ ሌላ እንጀራ የሌላት አንዲት ጨው ቆፋሪ ግን መቆፈሪያዋን ጥላ ወደ ፊት ወጣች።

«ወረቀቱ ላይ ያለው የጣት አሻራ የሳቸው አይደለም ልትዪ ነው?» አለ ኮሎኔሉ። «ክደው ከሆነ አስገርፋቸዋለሁ።»

«ኧረ የሳቸው ነው ጌታዬ። አባባ ሁመድ ቃላቸውን አያጥፉም። ዓይናቸው ያየውን ሁሉ ይውሰዱ፣ አንድ ስንዝር እንዳይተዉ።»

ኮሎኔሉ ፈገግ አለ። እሷም ዞር ብላ ሽማግሌውን በበትራቸው እየመራች አመጣቻቸው።

«አባባ፣ እስቲ ምን ያህል እንደሚያዩ ለጌታው ይንገሩልኝ።»

«ምን አያለሁ ልጄ? ዓይኔ ከጠፋ ሃያ ዓመቱ።»

«በሉ እንግዲህ ጌታዬ፣ መሬትዎ ያን ያህል ነው» አለችው። «ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ዓይናማ አልፋችሁ፣ የማያዩትን ሽማግሌ መርጣችሁ ያስፈረማችሁት ለምንድነው?»