በግራ የጮኸችው ወፍ

ተረት ተረት፣ የሾላ ጥላ ያረፈበት።

አንዲት ወፍ ከመንገዱ በስተግራ በቆመ ሾላ ላይ ጫጩቶች ነበሯት። አንድ ማለዳ እባብ ግንዱን ሲወጣ አየችና ከሥር ለሚያልፉት ነጋዴና አህያው፣ «ኧረ ድረሱልኝ! እባቡ ልጆቼን ሊበላብኝ ነው!» ብላ ጮኸች።

ነጋዴው ቀና እንኳ ሳይል፣ «በግራ ጮኸች፤ ገዷ አላማረኝም» ብሎ አህያውን ወደ ቤት መለሰው።

አህያውም፣ «እኔስ ሰምቼሻለሁ እቴ፤ ግን ሲመልሱኝ የምመለስ ነኝ» አላት።

በማግስቱ ባዶ ጎጆዋን ማየት ቢያቅታት፣ በስተቀኝ ካለው ዋንዛ ላይ ሆና ታለቅስ ጀመር። ነጋዴው ሲያልፍ ሰማት።

«እሰይ የኔ ገደኛ! ዛሬስ በቀኝ ነው!» አለና ከስልቻው አንድ እፍኝ ዳጉሳ በተነላት።

ወፏ ወርዳ እንደ ልማዷ አፏን ሞልታ ለቀመች፤ ከዚያ ማንን እንደምታጎርስ ጠፋት።