«ምንም» ያለችው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። ልቧ ውስጥ የብረት ቫልቭ ተገጥሞላታል። በዚያ ብረት ላይ ደም እንዳይረጋ የደም ማቅጠኛ ክኒን በየቀኑ ትውጣለች። ደሟ በየወሩ ይመረመራል፤ ቁጥሩ ከሁለት ተኩል በታች መውረድ የለበትም። ከወረደ ደሟ ቶሎ ይረጋል ማለት ነው።

በዐቢይ ጾም እኩሌታ ቁጥሩ አንድ ነጥብ ሦስት ሆነ።

ሐኪሟ ዶክተር ምትኩ ደነገጠ። «ክኒኑን ትተሽዋል እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ! አንድ ቀን አላለፈኝም።»

«ምግብሽስ? የለወጥሽው ነገር አለ?»

«ምንም።»

ምንም! ሰማችሁ? ጾሙ ከገባ ጀምሮ ምሳዋም ጎመን፣ እራቷም ጎመን ነበር። ጎመን ደግሞ ሲበዛ የዚያን ክኒን ኃይል ያደክማል፤ እኔም ኋላ ነው የሰማሁት። አያችሁልኝ? ክኒኑን በታማኝነት ትውጣለች፣ ደግሞ በየማዕዱ ታፈርሰዋለች።

ዶክተሩ ክኒኑን ጨመረላት፤ በሦስተኛው ቀን እንድትመለስም ቀጠራት። በማግስቱ እዚሁ ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ላይ ልታማትብ ስትል ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። የረጋው ደም ወደ ጭንቅላቷ ሄዷል።

ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋት። «ልጄ፣ ለምን ደበቅሽው?»

ምላሷ እየተሳሰረ፣ «ጾሜን... እንዳያስገድፈኝ... ፈርቼ ነው፣ አባ» አለች።

ዶክተሩ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «እኔ እኮ ጹሚ ነበር የምላት! ጎመኑን በየቀኑ እኩል እንድትበላ አድርጌ ክኒኑን በዚያው ልክ አስተካክልላት ነበር። ምነው በነገረችኝ!»

ወገኖቼ፣ እስከ ዛሬ ድንጋጤው አልለቀቀኝም። ይህች ሴት ውሸታም አይደለችም እኮ፤ ኪዳን የማታስታጉል ሴት ናት! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል የምናውቀው ነው፤ እሷ ግን መድኃኒቱን እየዋጠች ነው የወደቀችው።

እናንተስ? ጸሎቱን አልተዋችሁም፣ ቅዳሴውን አላስታጎላችሁም። ታዲያ ልባችሁ ለምን ደነደነ? ከወንድማችሁ ጋር ከተኳረፋችሁ ስንት ፋሲካ አለፈ? ጠዋት «በደላችንን ይቅር በለን» ብላችሁ፣ ማታ ያችኑ ቂም ስታላምጡ አታድሩም? የንስሐ አባታችሁ «ሌላስ?» ሲሏችሁ ምን አላችሁ?

«ምንም» አላችሁ።

ምን ፈርታችሁ ነው? ፈጣሪ ይቆጣናል ብላችሁ የምትሸሹት እኮ ሊያድናችሁ የቆመውን ነው።

ዛሬ ስትወጡ በዚያው ደጃፍ ላይ ታማትባላችሁ። እጃችሁ ገና ይታዘዝላችኋል። ሳይከዳችሁ ንገሩት።