ወናፉ የተቀደደበት ቀጥቃጭ

«እማሆይ፣» አለ አንድ ባል፣ ከመመንኮሳቸው በፊት አዋላጅ ነርስ የነበሩትን አሮጊት። «ሚስቴ የስድስት ወር እርጉዝ ናት፤ ኩላሊቷም ከድሮ ጀምሮ ታማሚ ነው። ደም አንሷታል ተብሎ የብረት ክኒን ተሰጣት፤ በየቀኑ ትውጣለች። ጉበቱንም ምስሩንም አላጓደልኩባትም። ግን ከአልጋ አትነሣም! ሐኪሙ ደግሞ ከተማ ሆስፒታል ውሰዳት ይለኛል። ስንፍና ከተማ ሄዶ ይድናል እንዴ?»

እማሆይ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አንድ ሰው ነበረ፤» አሉ። «ገበሬ ነው። ማረሻው አለቀበት። ክረምት ሊገባ ሲል አሮጌ ብረት ተሸክሞ ወደ ቀጥቃጭ ሄደ። ቀጥቃጩም ‹ብረቱ ደህና ነው፤ ግን ወናፌ ተቀዷል። ካልተነፋ ፍሙ አይግልም፣ ብረቱም አይለዝብም። አንድ የፍየል ቆዳ አምጣልኝና ልስፋው› አለው።

ይህ ሰው ቆዳ አጥቶ አይደለም፤ የሚተኛው በፍየል ቆዳ ላይ ነበር። ‹ደግሞ ለቀጥቃጭ ቆዳ!› ብሎ በማግስቱ ሌላ ብረት አምጥቶ ከመረለት። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ‹ይህን ሁሉ ብረት ታቅፎ ይተኛል› እያለ በየገበያው አማው።

ቀጥቃጩ ሐሜቱ ቢመረው ፍሙ ላይ ተደፍቶ በአፉ ሲነፋ ዋለ። ነፍቶ ነፍቶ ራሱን ስቶ ወደቀ። በደንብ ሳይግል የተቀጠቀጠው ማረሻም ገና በመጀመሪያው ትልም ተሰበረ። ሌላ እስኪሠራ ዝናቡ አለፈ፤ መሬቱ ጦሙን አደረ።»

ወደ ባልየው ዞሩ።

«ስማ ልጄ! ሰውነታችን ደም እንዲሠራ የሚያዘው ኩላሊት ነው። የሚስትህ ወናፍ ተቀዷል። አንተ ብረት ትከምርባታለህ። ክኒኑ ብቻውን ካልበቃት የጎደላትን መርምሮ በመርፌ የሚሰጣት ከተማ ያለው ሐኪም ነው። እሷ ያነሰውን ደሟን ለልጅህ እያካፈለች በአፏ እየነፋች ነው፤ አንተ ሰነፍ ትላታለህ! አታፍርም?»

ባልየው አንገቱን ደፋ። «እኔ እኮ አላወቅሁም፣ እማሆይ» አለ።

«ሐኪሙ ነግሮህ የለም እንዴ! ለገበሬውስ ከርሞ ሌላ ክረምት መጣለት። አንተ እሷንና ልጅህን ከቀበርክ በኋላ ከርሞ ማን ይመልስልሃል? ተነሥ፣ ዛሬውኑ ውሰዳት!»