ፈጣን ፈዋሽ ይፈለጋል

አንድ ሰዓት ሠሪ ነበረ፣ አስካለ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። እዚህ ቤተ መጻሕፍት የምትሰበሰቡበት የንባብ ክበባችሁ ለምን ሰው እንደራቀው፣ ሰውስ ከየት እንደሚገኝ ነው የጠየቅሽኝ። እኔ ከማውቀው ይልቅ ይህ ሰው የደረሰበት ይሻላል። የሰማሁትም ከራሱ አፍ ነው፤ ሰዓቴን ሊጠግን ከፍቶት ሳለ አጫወተኝ።

ሱቁ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ላይ፣ በአንድ ጫማ ቤትና በአንድ ፎቶ ቤት መሃል የተሸጎጠች ናት። ሰው ሰዓቱን ከስልኩ ላይ ማየት ከጀመረ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል። ከምሳ በኋላ ባትሪ ሊያስቀይር ከሚመጣ በቀር ደጁን የሚረግጥ የለም። እሱም ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አሮጌ ኮምፒውተሩን ይከፍትና ጌም ይጫወታል።

ጌም ስልሽ የምታውቂው የመኪና እሽቅድድም አይምሰልሽ። ሰው ካለበት ሆኖ በኢንተርኔት የሚገባበት አንድ ሰፊ አገር ነው። ወንዝ አለው፣ ተራራ አለው፣ ከተማና ገበያ አለው። የገባ ሁሉ የሚሆነውን ይመርጣል። አንዱ ቀስተኛ ይሆናል፣ አንዱ ሰይፈኛ፣ አንዱ የቆሰለውን የሚያድን ፈዋሽ። ሰዓት ሠሪው የመረጠው ጋሻ ጃግሬነትን ነበር። የጋሻ ጃግሬ ሥራው ፊት ቆሞ መመታት ነው፤ አውሬው እሱን ሲደበድብ ሌሎቹ አውሬውን ይጥሉታል። ብቻውን ከሆነ ግን እንኳን አውሬ፣ ጥንቸል መግደል አይሆንለትም። ሰው ከሌለው ምንም ነው።

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ይህ አላሳሰበውም። ያኔ አገሩ ሰው ጢም ብሎበት ነበር። ሐበሾቹ አንዲት ከተማ ለይተው፣ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል እየጻፉ አደባባዩን መርካቶ አስመስለውታል። «ዋሻ ልንገባ ነው፣ አንድ ሰው ጎደለን» ያለ ሰው ቃሉን ሳይጨርስ ቡድኑ ይሞላለታል። ኋላ አንዱ አገባ፣ አንዱ ተሰደደ፣ ብዙው ደግሞ አዲስና የሚያምር ጌም ሲወጣ ወደዚያ ነጎደ። የጌሙ ባለቤቶችም አዲስ ነገር መጨመራቸውን ተዉ። አደባባዩ ኦና ሆነ።

ሰዓት ሠሪውን ያስቀረው አንድ ነገር ነው። በዚያ አገር ሰሜን ጫፍ አምስት ሰው ካልቆመበት በሩ የማይከፈት ዋሻ አለ። መጨረሻው ላይ አንድ የድንጋይ ዘንዶ ሌላ በር ይጠብቃል። በደጉ ዘመን ሰባት ጊዜ ገብቶ ሰባቱንም ጊዜ ዘንዶው ጋ ቡድኑ ተበትኖበታል። ከዚያ በር ኋላ ምን እንዳለ ሲያወሩ የሰማው ብዙ ነው፤ ወሬው ግን አንዱ ካንዱ አይገጥምም። ፈልጎ ማንበብ ይችል ነበር። ግን ሰዓት ሠሪ ነው፤ ክዳኑን ራሱ ካልከፈተ አያምንም።

ስለዚህ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አደባባዩ መሃል ይቆምና እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «ጋሻ ጃግሬ ነኝ። ለሰሜኑ ዋሻ ፈጣን ፈዋሽና ልምድ ያላቸው ሦስት ተዋጊዎች ይፈለጋሉ። መንገዱን የማያውቅ አይምጣ።» ባለፉት ዓመታት በቀርፋፋ ሰው የተነሣ ብዙ ስለተሸነፈ ነው እንዲህ መጻፍ የለመደው። አምስት ወር ጠራ። አምስት ወር ሙሉ አንድ ሰው አልመለሰለትም።

ከአደባባዩ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ አንዲት ዓሣ አጥማጅ ትቆም ነበር። ሁልጊዜ እዚያው ናት። ነጭ ልብስ ለብሳለች፤ በዚያ አገር ነጭ የፈዋሽ ልብስ ነው። ሰዓት ሠሪው ግን ሰው ናት ብሎ አላሰበም። አንዱ ተጫዋች ከፍቶ የረሳት ወይም ከጌሙ ጋር የተሠራች ጌጥ ትመስለው ነበር።

አንድ ቀን ጥሪውን ጽፎ ሲልክ ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ። መንጠቆዋን ከውሃው አወጣች፤ ጥቂት ቆመች፤ መልሳ ጣለችው። ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በማግስቱ ግን ልክ ጥሪውን እንደላከ ያንኑ ደገመችው። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የፀጉር ያህል የቀጠነ የሰዓት ጥርስ ሲዞርና ሲቆም ሲያይ የኖረ ነው፤ አንድ ነገር ያለ ምክንያት እንደማይቆም ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ሊፈትናት አሰበ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዝም ብሎ ተመለከታት። ታጠምዳለች። ዘጠኝ ከሃያ ሆነ፤ አሁንም ታጠምዳለች። ያን ጊዜ ጥሪውን ላከ። መንጠቆዋን አወጣች፣ ቆመች።

«ትሰማኛለች ማለት ነው» አለ ለራሱ።

አደባባዩን ትቶ ወደ ወንዙ ወረደ። አጠገቧ ቆሞ «እንደምን ዋሉ? ዓሣ ይያዛል?» ብሎ ጻፈላት።

ሦስት ደቂቃ ያህል ምንም አልመጣም። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን። አልፎ አልፎ» የሚል መልስ ወጣ።

«ጥሪዬን ይሰሙታል?»

«በየቀኑ።»

«የለበሱት የፈዋሽ ልብስ ነው። ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

አሁንም ረጅም ጊዜ አለፈ። ኢንተርኔቱ የተቋረጠ መስሎት ገመዱን ነካካ። በመጨረሻ ሁለት ቃል መጣ።

«ፈጣን አልክ።»

 ቀስ በቀስ፣ ፊደል በፊደል፣ ሴትዮዋ ነገራቸውን አወጡት። ነቀምቴ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ያኔ እጃቸው እንደ መብረቅ ነበር፤ በጌሙም በደህናው ዘመን የታወቁ ፈዋሽ ነበሩ። ኋላ ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ያዛቸው። «አንዱን ቁልፍ እስክነካ ሰው ይሞትብኛል» ብለው ጻፉ። «ሁለት ቡድን ተቆጥቶ አባረረኝ። ሰው ከሚሞትብኝ ዓሣ ይሻለኛል ብዬ ነው እዚህ የቆምኩት። አራት ዓመቴ ነው።»

ሰዓት ሠሪው ወደ አደባባዩ ተመለሰና የራሱን ጥሪ ከላይ እስከ ታች አነበበው። አምስት ወር ሙሉ አንድም ቃል ሳይቀይር ልኮታል። አሁን በሌላ ሰው ዓይን ሲያየው ከጥሪነቱ ይልቅ ክልከላነቱ ጎላበት። አጠፋውና አዲስ ጻፈ፦

«የሰሜኑ ዋሻ መጨረሻ ምን እንዳለ አይቼ አላውቅም። እንዴት እንደሚታለፍም በትክክል አላውቅም። አብሮኝ ሊያይ የሚፈልግ ይምጣ። የምንሄደው ቀስ ብለን ነው። ፈዋሽ አለችን።»

ትንሽ ቆይቶ ከወንዙ ዳር «ማናት?» የሚል ጥያቄ መጣ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ትሞትብኛለህ እኮ።»

«እነሣለኋ» አላቸው። በዚያ አገር የሞተ መነሣቱ አይቀርም።

የዚያን ቀን ማንም አልመጣም። በማግስቱ ግን አንድ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ከድሬዳዋ መጣ። እስከ ዓርብ ሐዋሳ የምትኖር ዳቦ ጋጋሪና ስሙን እንጂ ሌላ ነገሩን መናገር የማይወድ አንድ ቀስተኛ ተጨመሩ። ሰዓት ሠሪውን የገረመው በጌሙ ውስጥ ማንኛቸውም ከሩቅ አለመምጣታቸው ነው። ሹፌሩ አደባባዩ ጥግ ካለው ግንብ ሥር ለወራት ተቀምጧል። ዳቦ ጋጋሪዋ ጥሪውን በየቀኑ እያነበበች «መንገዱን የማያውቅ አይምጣ» የሚለው ላይ ስትደርስ እዚያው አገር ወዳላት እርሻ ትመለስ ነበር። መንገዱን አታውቀውማ፤ ማን አሳይቷት።

ገቡ። ሞቱ። እንደገና ገቡ፣ እንደገና ሞቱ። የሴትዮዋ ፈውስ ሁልጊዜ የሚደርሰው ጋሻ ጃግሬው ከወደቀ በኋላ ነበር። ቀስ ብለው በመሄዳቸው ግን ያላሰቡት ነገር ገጠማቸው። ሰዓት ሠሪው ሰባት ጊዜ በሩጫ ባለፈበት ግድግዳ ላይ ሥዕል አለ። ከሥዕሉ ጎን ጠባብ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ወዲያ ደግሞ የምንጭ ድምፅ ያለበት ክፍል አለ። አንድ ከሰዓት ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ሲዟዟሩና «ይህን ማን ሠራው? ለማን ብሎ ሠራው?» ሲባባሉ ዋሉ። ዘንዶውን የዚያን ቀን አልነኩትም።

በሦስተኛው ሳምንት የዘንዶውን ጉልበት በግማሽ ጨርሰው ሳለ ደሴ ላይ መብራት ሄደ። ሰዓት ሠሪው የጠቆረው የኮምፒውተሩ መስታወት ፊት ቁጭ ብሎ ቀረ። ነገሩን ያውቀዋል፤ በዱሮው ጊዜ ጋሻ ጃግሬው የጠፋበት ቡድን ሁለት ደቂቃ አይታገስም። መብራቱ የመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሱቁን ሊዘጋ ተነሥቶ ነበር፤ እንዲያው ለመሰናበት ያህል ከፈተው። አራቱም ዋሻው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ጻፈ።

«መብራት መሆኑን ገምተን ነው» አለ ሹፌሩ።

ሰውየው ይህን ሲነግረኝ የያዘውን ወረንጦ አስቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ዘንዶውን እንደ ሰዓት ያዳምጠው ጀመር። ሲሮጡ ማንም ያልቆጠረውን ቆጠረ። ዘንዶው በየአሥራ አንድ ሰከንዱ ይመታል፤ አንድም ጊዜ አያፋልስም። የሴትዮዋ እጅ ቁልፉ ላይ ለመድረስ አራት ሰከንድ ይፈልጋል። እንግዲያው ከምቱ በኋላ መቸኮል ለምን ያስፈልጋል? ሰባተኛው ላይ «አሁን» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ይጀምራሉ፤ ምቱና ፈውሱ እኩል ይደርሳሉ። ሁለት ቀን ተለማመዱት። በሦስተኛው ቀን ቀስተኛው ወደቀ፣ ሹፌሩ ወደቀ፣ ጋሻ ጃግሬው ግን ቆሞ ቀረ፤ ዘንዶውን የመጨረሻዋን ምት የመታችው ዳቦ ጋጋሪዋ ናት። በሩ ተከፈተ።

ከበሩ ኋላ ደረጃ ነበር። ደረጃው ተራራው አናት ላይ ያወጣል። እዚያ ሀብት የለም፤ አውሬም የለም። አንድ ትልቅ የድንጋይ ገበታ አለ፤ ላዩ ላይ የአገሩ ሁሉ ካርታ ተቀርጿል፤ ካርታው ላይ ትናንሽ ብርሃኖች እዚህም እዚያም በርተዋል። ምን እንደሆኑ አልገባቸውም። ዳቦ ጋጋሪዋ ናት ያወቀችው፤ በሰሜኑ ተራራ ጫፍ ላይ የተጠጋጉ አምስት ብርሃኖች ቆጠረች።

«እኛ ነን» አለች።

ሌሎቹን ቆጠሩ። ሠላሳ ስምንት ሆኑ። አንዱ ጫካ ውስጥ ነው፣ አንዱ ባሕሩ ዳር። ሁለቱ ደግሞ በአንድ ኮረብታ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ መሃላቸው ያለው ኮረብታው ብቻ ነው። ከሠላሳ ስምንቱ አንዱ ካንዱ አጠገብ የቆመ አልነበረም።

 ከዚያ ሴትዮዋ በቀስታ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ሰሌዳ ፊት ተቀምጫለሁ። መብራቱ ከበራ ሰው መስመሩ ላይ አለ ማለት ነው።»

ከተራራው ወርደው ብርሃኖቹን ተከፋፈሉና አንድ በአንድ ሄደው አነጋገሯቸው። አንዳንዱ አልመለሰም። አንዱ «ተዉኝ» አላቸው፤ ተዉት። ጌሙ ዛሬም ያረጀ ነው፤ ባለቤቶቹ አንድ ቀን ይዘጉት ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አሥራ አራት አሥራ አምስት ሆነው ይገናኛሉ። አንዳንድ ጊዜ ዋሻ ይገባሉ፣ አንዳንድ ጊዜ ወንዙ ዳር ይቀመጣሉ።

እንግዲህ፣ አስካለ፣ ያ ሰው «ሰው ጠፋ» ሲል አምስት ወር የጮኸው በሰው መሃል ቆሞ ነበር። ይመልሳቸው የነበረው የገዛ ጥሪው ነው። ለሚመጣው ሰው ልብስ አስቀድሞ ለክቶ እንደሰፋ ነበርና፣ ያለው ሰው ልኩ ሳይሆን ቀረ። አንቺም እንደዚያው እንዳትሆኚ እፈራለሁ። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስገባ በሩ ላይ የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ አነበብኩት። «ቢያንስ ሠላሳ ልብ ወለድ ያነበበ፣ በሒስ ልምድ ያለው» ይላል። እኔ አስተምሬሻለሁ፤ ሠላሳ መሙላቴን ግን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ ነው እስከ ዛሬ ክበባችሁ ገብቼ የማላውቀው።

ማስታወቂያውን ቀስ ብለሽ ታስተካክይዋለሽ። ከጠረጴዛችሁ ጀርባ፣ መስኮቱ ሥር፣ ጋዜጣ ይዞ የሚቀመጥ አንድ ሰውዬ አለ። ዛሬ ሦስታችሁ ስትከራከሩ አየሁት፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ገጽ አልገለጠም። አሁንም እዚያው ነው። ሂጂና ጠጋ ብለሽ «ምን እያነበቡ ነው?» በይው።