ድልድዩ ስንት ይችላል?

ፊታውራሪ አንዳርጌ ከሥልጣናቸው ቦርጫቸው የገዘፈ የወረዳ ገዥ ነበሩ። አንድ አናጢ በወንዙ ላይ የእንጨት ድልድይ ሠርቶ ሲጨርስ፣ ሊመርቁ ሕዝቡን አስከትለው መጡ። አናጢው ምላሱ ስለታም ነው ሲባል ሰምተው ኖሮ፣ በሰው ፊት ሊያዋርዱት ፈለጉ።

«ይህ ድልድይ እስኪሰበር ድረስ ስንት ጭነት ይችላል?» ብለው ጠየቁት። «አሳንሰህ ከተናገርክ ሥራህ ደካማ ነውና ትገረፋለህ። አብዝተህ ከተናገርክም ያልከውን ያህል ድንጋይ አስጭንበታለሁ፤ ከተሰበረ ያው ትገረፋለህ!»

አናጢው ከፊታውራሪው ጎን ጅራፍ ይዞ የቆመውን አሽከር አየ። ድልድዩ የበሬ መንጋ ቢነዱበት እንደማይነቃነቅ ያውቃል፤ የሚሰበርበትን ልክ ግን በምን ይወቀው? ጥቂት አሰበና እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ እኔ ሚዛን የለኝም። እንጨቱ ግን የዚሁ አገር እንጨት ነው።»

«ቢሆንስ?»

«እርስዎን ሃያ ዓመት ሙሉ የቻለ አገር ያበቀለው እንጨት፣ ምን ያቅተዋል ብለው ነው?»

ሕዝቡ ሳቁን በነጠላው አፈነ። ፊታውራሪው ግን እንጨቱን ማመስገኑ መስሏቸው፣ «በል፣ ለዛሬ ተርፈሃል!» ብለው በኩራት ተሻገሩ።