ሀኬት ያለባት ቀበሮ

አንድ ጊዜ ወንዙ ነጠፈና አራዊት ሁሉ በውኃ ጥም ሊያልቁ ሆነ። አያ አንበሶ ሰብስቧቸው፣ «አሸዋውን ቆፍረን ውኃ ካላወጣን አንተርፍም። ማንም እንዳይቀር!» አለ።

ቁፋሮው ሲጀመር እመት ቀበሮ አንገቷን ደፍታ ቀረበች። «ጌታዬ፣ መቆፈሩን በወደድኩ ነበር። ምን ላድርግ፣ ሀኬት አለብኝ።»

አንበሳ ቃሉን ሰምቶት አያውቅም። አላውቀውም ማለት ግን አሳፈረው። «ሀኬት ካለብሽማ ሂጂ» አላት።

አህያ ጆሮውን አቆመ። ከጅብ ራቅ ብሎ እየቆፈረ፣ «አያ ጅቦ፣ ይሄ ሀኬት የምትለው ነገር ምን ይሆን? አካሄዷ አላማረኝም» አለ።

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ምን ይሆናል? የሚበላ ነዋ! ብቻዋን ልትጨርሰው ነው!»

ወዲያው ቁፋሮውን ትቶ ዱካዋን ተከተለ። ቀበሮን ዋርካ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ አገኛት። ዙሪያዋን አሸተተ፤ ምንም የለም።

«ምን ጠፋብህ?» አለችው።

«ሀኬቱን የት ደበቅሽው? ግማሹን አምጪ!»

ቀበሮ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አንተም አታጣም። እዚያ ተጋደምና ጠብቅ፤ ራሱ ይመጣል» አለችው። ጅብም አፉን ከፍቶ ተጋደመ።

አህያ የጅብን መጥፋት ሲያይ ጥርጣሬው ባሰበት። ወደ አንበሳ ሄዶ፣ «ጌታዬ፣ መጀመሪያ ቀበሮ ሄደች፣ አሁን ደግሞ ጅብ ተከተላት። ሁላችንም ሀኬት ቢኖርብን ውኃውን ማን ሊያወጣልን ነው?» አለው።

አንበሳ እየተቆጣ ዋርካው ሥር ደረሰ። ጅብ ዘሎ ተነሣና፣ «ጌታዬ፣ ብጠብቀው ብጠብቀው አልመጣም፤ በረሃብ ልሞት ነው!» አለ።

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «አሁኑኑ ንገሪኝ! ሀኬት ማለት ምንድን ነው?»

ቀበሮ ግራ ቀኟን አየች። መሸሻ የለም። «ስንፍና… ማለት ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ስንፍና ነው አትይም ነበር?» አለ አህያ።

«ስንፍና ነው ብል ትለቁኝ ነበር?»

አንበሳ በሀፍረት ጎፈሩን ነቀነቀ። ከዚያ ቀበሮንም ጅብንም ድንጋያማው ቦታ ላይ አቆማቸው። ጥፍራቸው እስኪላጥ ቆፈሩ። ውኃው የፈለቀው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር። ሁሉም ጠጥተው ከጠገቡ በኋላ ሁለቱ የተረፈውን ድፍርስ ላሱ።

ከዚህ የምንማረው ያልገባንን ቃል ላለማፈር ስንል እንደገባን አድርገን ካለፍነው፣ ሰነፍ በቃሉ ተጠልሎ ሸክሙን እኛ ላይ እንደሚጥል ነው።