የውሃ አባቱ ዶማ

ዘርፌ የሕግ ተማሪ ናት። አንድ ቀን መምህሯን እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው፦ «አሜሪካኖች የእንግሊዙን ንጉሥ ከላያቸው ካወረዱ በኋላ የሚሾሙት ሰው በጦር ሜዳ የመራቸው፣ የሚያምኑት ሰው ነበር። ታዲያ ሥልጣኑን ስለምን ቆራርሰው ለሦስት አከፋፈሉት? የታመነን ሰው እጅ በሕግ ማሰር እሱን መስደብ አይሆንም?» መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና እንዲህ አሉ፦

አንድ ገበሬ ነበረ። የሚኖርበት ሸለቆ አንድ ወንዝና ከወንዙ የተጠለፈ አንድ ቦይ ብቻ ነበረው፤ ከላይኛው መንደር እስከ ታችኛው ያለው ሰው ሁሉ የሚያርሰው በዚያ ቦይ ውሃ ነው። ውሃው ግን የአንድ ጌታ ነው ይባል ነበር። ጌታው ከተራራው ማዶ ይኖራል፤ ቦዩን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። እንደራሴው እየመጣ ግብር ይሰበስባል፣ ውሃ ለማን እንደሚለቀቅና በማን ላይ እንደሚዘጋ ይወስናል፣ የሚከሰው ሰው ሲመጣም ዳኛው ራሱ ነው። ሰዎቹ ግብሩን አንከፍልም አላሉም። «ግብር ሲጣልብን እኛም እንጠየቅ፣ ውሃ ሲከፋፈል የእኛም ቃል ይሰማ» አሉ እንጂ። እንደራሴው ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ ሳቀባቸው። «ውሃ ለማን እንደሚገባ እኔ አውቃለሁ» አላቸውና ባቄላው አበባ በያዘበት ሰሞን በታችኛው መንደር ላይ ዘጋው። ያን ጊዜ ሸለቆው ተነሣ። ገበሬው ፊት ሆኖ መራቸው። ብዙ ሰው ሞተ፤ የገበሬውም ወንድም ከሞቱት አንዱ ነበር። በመጨረሻ እንደራሴው ሸሸ፣ ጌታውም ተስፋ ቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ሰዎቹን አዛዥ የሚባል ነገር አንገፈገፋቸው። እያንዳንዱ መንደር በደጁ የሚያልፈውን ቦይ ራሱ ያስተዳድር ተባለ። ደስ የሚል ነገር ነበር፤ ክረምት እስኪገባ ድረስ። ጎርፍ የወንዙን መጥለፊያ ሲያፈርሰው የላይኞቹ «እኛ ይበቃናል» አሉ፣ የመካከለኞቹ «የእኛ ድርሻ አይደለም» አሉ፣ የታችኞቹ ብቻቸውን ድንጋይ ሲሸከሙ ከረሙ፤ አልቻሉትም። በበጋው ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በዶማ ሊፋለጥ ደረሰ።

ስለዚህ ከየመንደሩ ሰው መርጠው በአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ተሰበሰቡ። ውጭ ያለው ሰው ገና ያላለቀ ነገር ሰምቶ እንዳይጣላ በሩንም መስኮቱንም ዘጉ፤ በሙቀት ላብ በላብ ሆነው ተከራከሩ። የአብዛኛው ሰው አሳብ ግን አንድ ነበር፦ ሁሉን ነገር ለገበሬው እንስጠው። ነፃ ያወጣን እሱ ነው፤ የውሃውን ተራም እሱ ያውጣ፣ ውሃውንም እሱ ይልቀቅ፣ ስንጣላም እሱ ይዳኘን። ገበሬው ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። እውነቱን ለመናገር ነገሩ አላስከፋውም፤ ሰው ሲወደድ ማን ይከፋዋል?

ከታችኛው መንደር የመጣች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ተነሣች። «እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ» አለች። «ባሌ የሞተው ከጎኑ ቆሞ ነው። እሱን አልፈራም። የምፈራው ያ እንደራሴ የያዘውን ሁሉ ጠቅልለን ዳግመኛ ለአንድ ሰው ማስያዛችንን ነው። እሱ ነገ ያልፋል፤ ያስያዝነው ግን ለሚመጣው ይቀራል።» ገበሬው ቀና ብሎ አያት። ትንሽ ቅር አለው።

በመጨረሻ የተስማሙበት ይህ ነው። ተራ የሚያወጣው ከየመንደሩ የተመረጠ ሸንጎ ይሁን። ውሃውን የሚለቅና የሚዘጋ አንድ የውሃ አባት ይሁን፤ የሹመቱም ዘመን የተወሰነ፣ ምልክቱም ቦዩን የሚከፍትበት ዶማ ይሁን። ተራ ፈረሰብኝ የሚል ሲመጣ ሽማግሌዎች ይዳኙ። ተራ ያወጣው ውሃ አይልቀቅ፣ ውሃ የሚለቀው አይዳኝ፣ የሚዳኘው ተራ አያውጣ። ይህንን ሁሉ በቦዩ አፍ ባለው ድንጋይ ላይ ቀረጹት፤ ከሁሉ በላይም «ውሃው የሸለቆው ሰው ሁሉ ነው» ብለው ጻፉ። ሸንጎውም፣ የውሃ አባቱም፣ ሽማግሌዎቹም ከድንጋዩ በታች እንዲሆኑ ተማማሉ። ቃሉን መለወጥ ቢያስፈልግ መንደሮቹ ተስማምተው ይለውጡት እንጂ አንድ ሰው ብቻውን አይንካው ተባለ። ከዚያ ገበሬውን የውሃ አባት አድርገው መረጡት።

ጥቂት ቆይቶ ዝናብ ጠፋ። ወንዙ ሳሳ፣ ተራውም ዘገየ። ገበሬው አንድ ጧት ቦዩን ተከትሎ ሲወርድ የዚያችን ሴት ማሳ አየ። በቆሎው ጠውልጓል። ልጆቿ ከሩቅ ምንጭ በእንስራ እየቀዱ በየሥሩ ያፈሳሉ። ተራዋ ገና ነው። የዚያን ቀን ተራው የአንድ ንፉግ ሰው ነበር፤ ያውም ጥንት ለእንደራሴው ያገለግል የነበረ፣ ሸለቆው ሁሉ የሚጠላው ሰው። ገበሬው አንጀቱ አልቻለም። ዶማውን አነሣና የንፉጉን ውሃ ወደ ሴትየዋ ማሳ መለሰው። ምን ክፋት አለው? እኔም ብሆን አደርገው ነበር፤ አንቺም ታደርጊው ነበር።

ንፉጉ ለሽማግሌዎቹ አመለከተ። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ሰደበው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ባይሰሙት ደስ ባላቸው፤ ድንጋዩ ግን የሚወደድ ሰውና የሚጠላ ሰው ብሎ አይለይም። ከመካከላቸው ትልቁ እንባው እየወረደ ፈረደ፦ «ልጄ፣ ተራ አፍርሰሃል። የወሰድከውን ውሃ ከራስህ ተራ መልስ። ሸንጎው ተሰብስቦ ነገርህን እስኪያይ ድረስም ዶማውን አስቀምጥ።»

ይህን ሲሰሙ ጎበዛዝቱ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ከገበሬው ጋር አብረው የተዋጉ ናቸው። «አንድ ቃል ብቻ በለን» አሉት። «እነዚህን ሽማግሌዎች ከነፍርዳቸው ቦዩ ውስጥ እንከታቸዋለን።» ሽማግሌዎቹ ዱላም ሰውም አልነበራቸውም። ያላቸው ያ ድንጋይ ብቻ ነበር።

ገበሬው ዶማውን እንደያዘ ቆመ። ተቆጥቷል፤ አፍሯልም። ለዚህ ሸለቆ ወንድሙን ቀብሯል፤ ዛሬ ለአንድ ንፉግ ተብሎ እንደ ሌባ በሰው ፊት ይቁም? ሊናገር አፉን ከፈተ። ሊል ያሰበው «ውሃ ለማን እንደሚገባ እኔ አውቃለሁ» ነበር። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ግን አወቀው፤ እንደራሴው እዚያው ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ የተናገረው ቃል ነው። እንደራሴው ለክፋት ብሎት ነበር፤ እሱ ለደግነት ሊለው ነው። ቃሉ ግን ያው ነው። ገበሬው ራሱን ፈራ።

ጎንበስ ብሎ ዶማውን ከድንጋዩ ሥር፣ ከሽማግሌዎቹ እግር አጠገብ አስቀመጠ። ጎበዛዝቱን «ወደየቤታችሁ ግቡ» አላቸው። የራሱን ተራ ለንፉጉ ለቀቀ፤ በዚያ ዓመት የእሱ በቆሎ ደረቀ፣ ቤቱም ተቸገረ። ሴትየዋ ሸንጎው ፊት ቆማ ተከራከረች፤ ሸንጎውም በድርቅ ጊዜ ውሃ ከመጨረሻው ማሳ ይጀምር የሚል ተራ አወጣ። ለእሷ በቆሎ ለግማሹ ዘግይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የታችኛው መንደር ሰው የውሃ አባቱ አንጀት እስኪራራ መጠበቅ ቀረለት። ሸንጎው ለገበሬው ዶማውን መለሰለት፤ ዘመኑ ሲያልቅም «ቆይልን» ቢሉት እምቢ ብሎ ወደ እርሻው ተመለሰ።

ብዙ ዘመን አለፈና ክፉ የውሃ አባት ተሾመ። ይህ መቼም አይቀርም። ውሃውን ለዘመዶቹ ለቀቀ፤ ሽማግሌዎቹ ሲፈርዱበት «እናንተ ማን ናችሁ?» አላቸው። ዱላ የያዙ ሰዎችም ነበሩት። የሸለቆው ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ቦዩ ዳር ቆመና ዶማውን የያዘውን የሰውየውን እጅ ተመለከተ። ዶማ የት እንደሚቀመጥ ልጆቹ እንኳ ያውቃሉ። ዱላ ከያዙት አንዱ ዱላውን ጣለ፤ ሌላውም ጣለ። ሰውየው ዶማውን አስቀመጠው።

መምህሩ ይህን ብለው ወደ ዘርፌ ዞሩ።

«ልጄ፣ የጠየቅሽኝ ሰዎች ነገርም እንዲሁ ነው። ጌታው ከባሕር ማዶ የነበረው ንጉሣቸው ነው፤ መጋዘኑ መስኮቱን ዘግተው የተከራከሩበት አዳራሽ ነው። ሸንጎው ምክር ቤታቸው፣ የውሃ አባቱ ፕሬዚዳንታቸው፣ ሽማግሌዎቹ ፍርድ ቤታቸው፣ ድንጋዩም ሕገ መንግሥታቸው ነው። አንድ ነገር አልደብቅሽም። እኔ በምሳሌዬ ሴትየዋን መጋዘኑ ውስጥ አስገባኋት እንጂ በእነሱ አዳራሽ ሴት አልተጠራችም፤ ቦዩን በባርነት የቆፈሩላቸው ጥቁሮችም አልተጠሩም። ልጆቻቸው መጥተው ‹ሁሉ የሚለው ቃል እኛን አይጨምርም ወይ?› እስኪሉ፣ ድንጋዩም ላይ ሌላ ቃል እስኪጨመር ብዙ ዘመን ሄደ፣ ብዙ ደምም ፈሰሰ።

«የታመነን ሰው ማሰር ስድብ አይሆንም ወይ አልሽኝ። ሕጉ ለክፉው ብቻ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ክፉው ዶማውን ባላስቀመጠው ነበር፤ ሽማግሌዎቹ በምን ጉልበታቸው ያስጥሉት ነበር? ያስቀመጠው ከእሱ በፊት አንድ የሚወደድ ሰው፣ በእውነት የራራ ሰው፣ እዚያው ቦታ ላይ ስላስቀመጠው ነው። ገበሬውን ማንም አልሰደበውም። አደራ ሰጡት፤ ጠበቀው።

«አንቺም ነገ ዳኛ ትሆኛለሽ። የሚጠላ ሰው እውነት ይዞ፣ የምትወጂው ሰው አጥፍቶ፣ ፊትሽ የሚቆሙበት ቀን ይመጣል። ሕግ መማርሽን የማውቀው ያን ቀን ነው።»